ከግድግዳ የወረደው ፎቶ፦ በጎንደር የአንድ የፎቶግራፍ ማኅበር ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ከባሕር ዳር፣ ከደሴ፣ በቅርቡ ደግሞ ከጅማ ይደውሉልኛል። ጥያቄው አንድ ነው። «እኛም የፎቶ ማኅበር ልናቋቁም ነው፤ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?» ለእያንዳንዱ ግማሹን ነግሬ ግማሹን ረስቼ ስልኩን ስዘጋ ቅር ይለኛል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈው።

የማኅበሩን ታሪክ በሙሉ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ ፎቶ ነው፤ በመጀመሪያው ኤግዚቢሽናችን፣ በሁለተኛው ቀን፣ ከግድግዳ ስላወረድነው ፎቶ። ገንዘብ ያዥ ስለነበርኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ነበርኩ። የሰው ስም አልጠራም፤ የማኅበሩንም ስም አልጽፍም። ባለጉዳዮቹ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ስማቸው እንዲነሳ ግን አልፈለጉም።

ዳራው

ጎንደር ፎቶ አንሺ አጥታ አታውቅም። ፋሲል ግቢ በር ላይ ካሜራ አንግተው ቱሪስት የሚጠብቁ አሉ። ፒያሳ ላይ ጉርድ ፎቶ በደቂቃዎች የሚያደርሱ ፎቶ ቤቶች አሉ። ጥር እና ሚያዝያ የሰርግ ነው፣ ክረምት መግቢያ ላይ የምረቃ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ካሜራ ያለው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ቦታ ለመያዝ ከሌሊቱ ይወጣል።

አንድ ነገር ግን አልነበረም። ማንም ሳያዝዘውና ሳይከፍለው ለራሱ ሐሳብ ብሎ ለሚያነሳ ሰው ቦታ አልነበረም። እንዲህ ያለውን ፎቶ ምን ብለን እንጥራው በሚለው ብቻ ሁለት ቅዳሜ ተከራክረናል። «ፋይን አርት» ስንል ሰው ግራ ይገባዋል፤ «ጥበባዊ ፎቶግራፍ» ስንል ደግሞ ፎቶ ቤት የሚሠሩት ልጆች «የኛስ ጥበብ የለውም?» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ «የራስ ሥራ» ማለት ጀመርን። «ለደንበኛ ነው ወይስ የራስህ ሥራ ነው?» ይሄ ለሁሉም ገባ።

ያነሳሳን አዲስ ፎቶ ፌስት ነው፤ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ አበባ ላይ የጀመረችው ፌስቲቫል። ሁለት ልጆቻችን ሄደው አይተው ሲመለሱ ያወሩልን ስለ ፎቶዎቹ ብቻ አልነበረም። በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ፊት ሰው ቆሞ ሲቀር ማየታቸውን ነበር ደጋግመው የሚነግሩን። እኛ ጋ ፎቶ የሚታየው ስልክ ላይ ነው፣ በአውራ ጣት እየተገፋ።

አሥራ አንድ ሆነን ጀምረን ዘጠኝ ቀረን። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለማኅበር ቢያንስ አምስት አባላት ይጠይቃል፤ ቁጥሩ አላስቸገረንም። ያስቸገረን «ለትርፍ ያልተቋቋመ» የሚለው ነው። ግማሹ አባል ነገሩን እንደ ዕቁብ አይቶት ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ ካሜራ ይገዛልኛል ብሎ። ገንዘቡ ለአባላት እንደማይከፋፈል፣ ማኅበሩ የሚያገኘው ሁሉ ተመልሶ ለተቋቋመበት ዓላማ እንደሚውል፣ አስተዳደራዊ ወጪም ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ እንደሌለበት ቁጭ ብሎ ለማስረዳት አንድ ወር ፈጀ። ያ ወር አይቆጨኝም። ሁለቱ ሰዎች ያኔ በሰላም ባይወጡ ኖሮ በኋላ ተጣልተን ነበር የምንለያየው።

ገንዘባችን የአባላት መዋጮና አንድ ትንሽ ድጋፍ ነበር። በሱ ሌንስ እናውሳለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ዘርግተን እንተቻቻለን፣ በዓመት አንዴ ኤግዚቢሽን እናደርጋለን ተባባልን።

ችግሩ

በገና ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ አዳራሽ ለምነን አገኘን። 28 ፎቶ መረጥን።

ህትመቱ ራሱን የቻለ መከራ ነበር። ከተማው ውስጥ ያገኘነው የሚያብለጨልጭ ወረቀት ነው፤ ትልቅ ከፈለግክ ደግሞ ባነር። ፋይሎቹን አዲስ አበባ ላክን። አንዱ ልጅ በስልክ ያነሳውን 40 በ60 ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ባለ 12 ሜጋፒክሰል የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ 4032 በ3024 ነው፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 34 በ26 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የልጁ ፎቶ ደብዝዞ መጣ። ይሄን ሒሳብ ከመላካችሁ በፊት ሥሩት።

መክፈቻው ግን አምሮ ነበር። አዳራሹ ሞላ። አባቶች መነጽር አውጥተው ካርዱን ሁሉ ያነቡ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ ገባ። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ የሥራ ቱታ ለብሷል፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ቀለም አለ። ከበሩ ጀምሮ እያንዳንዱን እያየ መጣና አሥራ አንደኛው ፎቶ ጋ ቆመ።

ፎቶው ላይ አንዲት እናት ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ትከሻው ላይ ተቀዷል። የጠዋት ፀሐይ ከጎን መጥታ እጃቸው ላይ አርፋለች፤ የጣቶቻቸው እጥፋት አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከ28ቱ ምርጡ ፎቶ እሱ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ ነው የማምነው። ከስሩ ካርድ ለጥፈናል፦ «ጽናት። 6,000 ብር።»

ሰውዬው ካርዱን ሁለቴ አነበበና ዞር አለ። «እናቴን በስድስት ሺህ ነው የምትሸጧት?»

መልሳችን ከጥፋታችን የባሰ ነበር። አንዱ አባላችን «አይ፣ ይሄ እኮ አርት ነው» አለው። እኔ ዝም አልኩ። ሰውዬው አልጮኸም። «እሷ ታውቃለች?» ብቻ ነው ያለው።

አታውቅም። ያነሳው ልጅ በቦታው አልነበረም፤ ስንደውልለት አልነገርኳቸውም አለ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ በረጅም ሌንስ ነው ያነሳቸው። ሌንሱ የማኅበሩ ነው። ፈርሜ ያዋስኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያን ዕለት ማታ

አዳራሹ ከተዘጋ በኋላ ወንበር አክበን ተቀመጥን። ሁለት ወገን ሆንን። አንዱ ወገን ገበያ አደባባይ ነው፣ አደባባይ ላይ ለተነሳ ፎቶ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ዛሬ አንዱን ካወረድን ነገ ሁሉም እየመጣ አውርዱልኝ ይላል አለ። ሌላው መጀመሪያ ይውረድ፣ ከዚያ እንነጋገር አለ።

የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን ጋ ደወልን። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ ቁጥር 27ን ነገረን። የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ አይችልም። ቁጥር 28 ደግሞ ፈቃድ የማይጠየቅበትን ይዘረዝራል፦ ሰውዬው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተደረገ ወይም ሕዝብን ከሚመለከት ነገር ጋር ሲያያዝ። «ይኸው! የኛ ባህል ነው» አለ የመጀመሪያው ወገን። ወዳጃችን «ልትከራከሩበት ትችሉ ይሆናል» አለ። «ግን ዋጋ ለጥፋችሁበታል። እሱን ምን ልትሉት ነው?»

ክርክሩን የዘጋው ግን ሕጉ አልነበረም። አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አባል አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው የአባ እንጦንስን ሥዕሎች አነሱ። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳዮች የጥናት ጓድ ጎንደር መጥቶ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች ነቅሎ ወሰደ፤ በምትካቸው የራሱ ሠዓሊ የሠራውን ቅጂ አደረገ። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። «ይሄን ስታወሩ ሁላችሁም ትቆጣላችሁ» አሉን ጋሼ። «እነሱም ለጥበብ ብለው ነው የወሰዱት። ቢያንስ ቅጂ ትተዋል። እኛ ለእኚህ እናት ምን ተውንላቸው?»

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ፎቶውን አወረድነው።

እማማ ቤት

ልጃቸው ስልኩን ትቶልን ነበር። ደወልን፣ ይቅርታ ጠየቅን፣ እሳቸውን ማየት እንደምንፈልግ ነገርነው። በማግስቱ ጋሼ፣ ያነሳው ልጅና እኔ ቡናና ስኳር ይዘን፣ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልለን ሄድን።

ጋሼ ነገሩን በሥርዓቱ አስረዱ። ልጁ ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ እማማ ትከሻውን ይዘው አነሱት። «ቆይ፣ መጀመሪያ አሳዩኝ» አሉ።

ጋዜጣውን ፈታንላቸው። ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። መጀመሪያ ያዩት ትከሻቸውን ነው፤ «ነጠላዬ ተቀዶ!» አሉና መዳፋቸውን ቅዱ ላይ ጫኑበት። መዳፋቸውን ሳያነሱ ሌላውን ማየት ቀጠሉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እጄ የእናቴን መሰለ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። በኋላ እንደነገሩን ከዚያ በፊት የነበራቸው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ነው።

እኔ ልባቸው የራራ መስሎኝ ነበር። ግድግዳ ላይ እንድንመልሰው ይፈቅዱልናል ብዬ አሰብኩ። አልፈቀዱም። «ይቺ እኔ ዘንድ ትቀመጥ። ሰው አይያት» አሉ። ጋሼ ደግመው አልጠየቁም።

በሕጉ ፎቶው የልጁ ሥራ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍም ጥበቃ ይሰጣል። መልኩ ግን የእማማ ነው። ልጁ ፋይሉን የትም ላያወጣው ቃል ገባ። ፎቶውን ቀብድ ከፍሎ ያስያዘ ሰው ነበር፤ ቀብዱን መለስኩለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ካሜራ አልያዘም። ምርጥ ሥራውን ነው ያጣው፤ ያንን ማቃለል አልፈልግም።

ስንወጣ እማማ ልጁን ጠሩት። «አንተ ልጅ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ናና አንሳኝ። ቀሚሴን ለብሼ።» ሄደ። የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አቁመው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው፣ ሳይስቁ ተነሱ። ድሮ ፎቶ ቤት እንደሚነሱት። ይሄኛውን ስቀሉት አሉ። በመጨረሻው ቀን ያለ ዋጋ ሰቀልነው።

ከዚያ ምን አደረግን

የቀሩትን 27 ፎቶዎች መረመርን። አሥራ አምስቱ ላይ ፊቱ በደንብ የሚለይ ሰው አለ። ከአሥራ አምስቱ ያነሳው ሰው ስማቸውን የሚያውቀው አራቱን ብቻ ነው። ይሄ ቁጥር አሁንም ያሳፍረኛል። ዋጋዎቹን አነሳንና ሰዎቹን ፍለጋ ወጣን።

መጀመሪያ የያዝነው ፎቶውን በስልክ ማሳየት ነበር። አልሆነም። ሰው ስልክ ላይ ሲያይ «እሺ፣ ጥሩ ነው» ይልና ይሄዳል፤ የፈቀደውን አላወቀም። ፒያሳ ላቦ (ፎቶ ማተሚያ ቤት) 13 በ18 ሴንቲ ሜትር አሳትመን ይዘን ስንሄድ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ይቀመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል። «የት ነው የምትሰቅሉት? ማን ያየዋል?» ያነሳቸው ሰው ስማቸውን ከማያውቃቸው አሥራ አንድ ሰዎች በዚህ መንገድ ሰባቱን አገኘን። ስድስቱ ፈቀዱ፣ አንዱ እምቢ አለ።

ጥያቄውንም ለሦስት ከፈልነው። አዳራሽ ውስጥ ልንሰቅለው እንችላለን? ኢንተርኔት ላይ ልናወጣው እንችላለን? ልንሸጠው እንችላለን? ሦስቱን በአንድ ስንጠይቅ ሰው ለመጀመሪያው ብሎ እሺ ይላል። ለየብቻ ስንጠይቅ ግን ብዙዎቹ አዳራሹን ፈቅደው ኢንተርኔቱን ከለከሉ። እኛ የገመትነው ሽያጩን ይከለክላሉ ብለን ነበር።

የጥምቀት ፎቶ ለብቻው ታየ። የአደባባይ በዓል ስለሆነ ቁጥር 28 ላይ ካሉት ነገሮች ጋር ይሄዳል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ማስፈቀድም አይቻልም። ስለዚህ ሕዝቡ የሚታይበትን ፎቶ እንሰቅላለን። አንድ ፊት ብቻ ፍሬሙን ከሞላው ግን ጥምቀት ላይም ቢነሳ ሰውየውን እንፈልጋለን።

ያልሠራው

ሦስት ነገር ከሸፈብን።

አንደኛው ገንዘብ ነው። ፎቶ ሲሸጥ አንድ አምስተኛውን ለተነሳው ሰው እንስጥ ብለን ወሰንን። ፍትሐዊ ነው ብዬ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በሁለት ወር ውስጥ ገበያው ላይ «ፎቶ አንሺዎቹ ብር ይሰጣሉ» ተባለ። ሰው ካሜራ ሲያይ ዋጋ ይጠይቅ ጀመር፤ ገና ያልተሸጠ ፎቶ ድርሻ የጠየቁንም ነበሩ። ሽያጩ ራሱ በዓመት ጥቂት ፎቶ ነው፣ ተስፋ የሰጠነው ግን ለብዙ ሰው ነው። ተውነው። አሁን የምንሰጠው የታተመ ፎቶና ሰውየው ራሱ በፈለገው መልክ የሚነሳው አንድ ሌላ ፎቶ ነው። እሱን ተከራክሮበት የሚያውቅ ሰው የለም።

ሁለተኛው ፎርሙ ነው። የሕግ ወዳጃችን አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጀልን፤ በደንብ የተጻፈ ነው። ሰው ግን ፈራው። ፊርማ ሲባል ብድር፣ ዋስትና፣ የቀበሌ ጣጣ ነው የሚመጣበት። አንዲት እናት ፎቶውን በደስታ ተቀብለው ፎርሙን ሲያዩ ፎቶውንም መለሱልን። አሁን ለሚፈልግ ፎርሙ አለ፤ ለማይፈልግ ሦስቱን ጥያቄ ከነመልሱ በስልክ ድምፅ እንቀዳለን፣ የሚያምኑት አንድ ሰው በምስክርነት አብሮ ይሆናል።

ሦስተኛው ፕሪንተሩ ነው። በሁለተኛው ዓመት ባገኘነው ድጋፍ ጥሩ የፒግመንት ቀለም ፕሪንተር ገዛን፤ ራሳችን እናትማለን ብለን። እንዲህ ያለ ፕሪንተር ሥራ ሲፈታ ቀለሙ አፉ ላይ ይደርቃል። መብራት ሲጠፋ ቆመ፣ ቀለሙ ሲያልቅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቆመ፣ ቆሞ ሲነሳ ግማሹን ቀለም ራሱን ለማጠብ ጨረሰው። ዛሬ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ትልልቁን በዓመት ሁለቴ ሰብስበን አዲስ አበባ በጥጥ ወረቀት እናሳትማለን፤ ለባለቤቶቹ የሚሰጠውን እዚሁ ላቦ። ትልልቁን ፍሬም ውስጥ ስታስገቡ በፎቶውና በመስታወቱ መሃል መሃሉ ተቆርጦ የተከፈተ ወፍራም ካርቶን ይግባ። እኛ ሳናስገባ ቀርተን በክረምት ሦስት ፎቶ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ተበላሽቶብናል።

ለሚጀምሩ

ለደወላችሁልኝ ሁሉ የምለው ይሄን ነው። ካሜራ ለመግዛት አትቸኩሉ። ድጋፍ የሚሰጡ ሰዎች ካሜራና ሥልጠና ማየት ይወዳሉ፤ ሲቆጠር ያምራል። ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ «ፎቶ ለባለቤቱ መመለሻ» የሚል መስመር ለብቻው አስገቡ፦ የላቦ ክፍያ፣ የባጃጅ፣ የቡናና የስኳር። የመጀመሪያ ጊዜ ስናስገባው ምንድነው ተብለን ተጠየቅን፤ የእማማን ታሪክ ጻፍንላቸው፣ ፈቀዱ። እኛ ጋ ሌንስ ሲበላሽ ከምንከስረው ያነሰ ገንዘብ ነው የሚፈጀው።

ረጅም ሌንስ የምታውሱ ከሆነ ስታውሱ ጠይቁ። «ማንን ልታነሳበት ነው?» እኔ ይሄን ጥያቄ አንዴ ብጠይቅ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

በዕድሜ የሚበልጣችሁን ሰው አባል አድርጉ፣ ፎቶ ባያነሳም። እኛ ያን ማታ ጋሼ ባይኖሩ ለሁለት ተከፍለን እንቀር ነበር፤ ሽማግሌ ልከን ሳይሆን ሽማግሌ ይዘን ነው የሄድነው።

ካርድ ላይ የምትጽፉትንም አስቡበት። «ጽናት»፣ «ተስፋ»፣ «ድህነት» የሚሉ ቃላት ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሳትጠይቁ ስለሱ መናገር ነው። እኛ አሁን ቦታውንና ወሩን እንጽፋለን። ስሙን ከፈቀደ ስሙን።

አሁን ያለው

ያ ልጅ ተመልሶ ይሠራል። ከሩቅ ማንሳት አልተወም፤ አንስቶ ሲያበቃ ግን መንገዱን ይሻገራል። አንዳንዶቹ አጥፋው ይሉታል፣ ያጠፋል። ቅዳሜ ስንተቻች አንዳንዴ «ትናንት ያጠፋሁት ፎቶ ምን ይመስል ነበር መሰላችሁ» እያለ በእጁ ይሥልልናል።

እኔ ጋ አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ውስጡ ባለቤታቸው ያልተገኙ አራት 13 በ18 ፎቶዎች አሉ። አንደኛው ወለቃ መንገድ ላይ ሸክላ የተሸከመች ሴት፣ ሁለተኛው አውቶቡስ መስኮት ላይ የተኛ ወታደር፣ ሦስተኛው ቁስቋም ደረጃ ላይ የተቀመጡ አባት ናቸው። አራተኛው ጥምቀት ላይ ፊቱን ውሃ ረጭቶት ዓይኑን የጨፈነ ዲያቆን ነው፤ ያኔ አሥራ አራት ቢሆነው ነው። አሁን ጢም አውጥቶ ይሆናል። በየዓመቱ ጥር 11 ፎቶውን ኪሴ ይዤ ወደ መዋኛው እወርዳለሁ፤ ዲያቆናቱን እያስቆምኩ አሳያለሁ። አምና አንዱ ፎቶውን ትኩር ብሎ አይቶ «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ መሰለኝ፣ አዘዞ በኩል ነው» ብሎኛል።